ሄስተር ብሌንኪን ያስቀረችው ገጽ

በእኛ በሶልትቢ፣ ከዓሣ ወደቡ ወደ ገበያው በሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ላይ ሰው ሲያዳልጠው ያየ ሁሉ «አይዞህ፣ ማዕበል ለምደሃል!» ይለዋል። ቀልዱ ከየት እንደመጣ የማያውቅ ሶልትቢ ውስጥ የለም፤ ካለም እንግዳ ነው። ሄስተር ብሌንኪን ግን ሌላው የከተማ ሰው የማያውቀውን የቀልዱን ግማሽ ታውቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በታላቁ ጦርነት የመጨረሻ ክረምት የሄስተር ታናሽ እህት ዶርካስ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከተማችን ሰፍሮ ከነበረው ጦር አንዱ ወታደር አስረገዛትና ፈረንሳይ ሄዶ እዚያው ቀረ። እናታቸው ኬዛያ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ዶርካስን ኸል ከተማ ወደምትኖረው አክስቷ ላከቻትና በአርባ ስድስት ዓመቷ እሷ ራሷ ማርገዟን አስወራች። ለሐሰተኛው ሆድ ትራሱን የሰፋችው ሄስተር ናት። በየሁለት ሳምንቱ ስፌቱን እየተረተረች የዳክዬ ላባ ትጨምርበታለች፤ ኬዛያ በማግስቱ ከሽርጧ ሥር ታስረውና ዓሣ ገበያ ትወጣለች። ጥር ላይ፣ ገበያው ጢም ባለበት ጠዋት፣ በረዶ በጋገረው ደረጃ ላይ እግሯ ከዳትና አሥራ አንዱንም ደረጃ በመቀመጫዋ ወረደችው። ገበያው ጸጥ አለ። ኬዛያ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ተነሳችና ከት ከት ብላ ሳቀች፤ «አትደንግጡ፤ የመርከበኛ ልጅ ነው፣ ማዕበል ለምዷል» አለች። በሁለት እጇ የያዘችው ወደ ጎን የተንሸራተተ ትራስ መሆኑን ያየ አልነበረም። ከወር በኋላ ኸል ደርሳ ስትመለስ ሕፃኗን ፊቢን ታቅፋ ነበር።

መርከበኛው የኬዛያ ባል የሚያውቁትን ይዘው በዓመቱ ባሕር ውስጥ ቀሩ። ኬዛያና ሁለቱ ልጆቿ ደግሞ ነገሩን እስከ መቃብር ሊይዙት ተማማሉ። ፊቢ ኬዛያን እማዬ፣ ሁለቱን እትዬ እያለች አደገች። ከተማው «የደረጃዋ ልጅ» ብሎ ያቆላምጣት ነበር፤ እሷም ስሙን ትወደዋለች። ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት፣ አዲሱ ንጉሥ ዘውድ ሊጭኑ ሁለት ወር ሲቀራቸው፣ ፊቢ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት የጸሎት ቤቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ሕፃናት ታስተምር ነበር። ለዊልፍ ታክሬይ ታጭታለች። የዊልፍ እናት ሚሲስ ታክሬይ የሰውን ዘር እስከ ሦስተኛ ትውልድ ቆጥራ ካልጣማት ሰላም የማትል ሴት ናት። ሠርጉ ለግንቦት ተቆርጧል።

ሄስተር አላገባችም። በአሥራ ስድስት ዓመቷ የወደቡ ቢሮ ገብታ የጽሕፈት መኪና ተማረች፤ ቁመቷ ረጅም፣ ፊቷ ጠባብ፣ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ዘንግ የዋጠች ይመስል ቀጥ የምትል ናት። የመርከብ አዛዦች እንኳ ይፈሯት ነበር፤ ዓሣ የነካው እጅ ያረፈበትን ደብዳቤ ሳትጽፍ ትመልስላቸዋለች። አንድ ፊደል ከሳተች ሙሉውን ገጽ ቀድዳ እንደገና ትጽፋለች። ላጲስ የሚባል ነገር ጠረጴዛዋ ላይ ታይቶ አያውቅም።

ሚስተር አምብሮዝ ሊዲያርድ ሳንባቸውን አሟቸው ከለንደን ወደ እኛ የመጡት፣ ዘጠኝ ልብ ወለድና አራት ተውኔት ከጻፉ በኋላ ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን ነጭ ቤት ገዙ። ጽሕፈታቸው ዶሮ የጫረችው ይመስል ስለነበር የለንደን የጽሕፈት መኪና ጸሐፊዎች እጅ ሰጥተው መልሰውላቸዋል። ሄስተር የመጀመሪያውን ገጽ መስኮት አጠገብ ይዛ ቆመችና ከላይ እስከ ታች ሳትሰናከል አነበበችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወደቡን ቢሮ ትታ ለእሳቸው ሠራች፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ሰባት ልብ ወለድና አምስት ተውኔት በጣቶቿ አለፉ። ሰውዬውን ከሸሿቸው ሚስታቸው ይልቅ ታውቃቸዋለች። ሐሳብ ሲነጥፍባቸው ኅዳጉ ላይ የሻይ ጀበና ይሥላሉ፤ ደስ ሲላቸው ያማረውን ቅጽል ሁሉ ይሰርዛሉ፤ በሁሉም መጽሐፋቸው ውስጥ የዋናዋ ሴት እናት ከሁለተኛው ምዕራፍ አታልፍም።

ደግሞ ከሰው ይወስዳሉ። የቄሱን አነካከስ፣ የሥጋ ሻጩን ስድብ፣ የመድኃኒት ቤቷን ሴትዮ ሦስት ጊዜ የማስነጠስ ልማድ። አዲስ መጽሐፍ በወጣ ቁጥር ሶልትቢ ራሱን ፍለጋ ገጽ ይገልጣል። ጎረቤታችንን ስናገኝ ደስ ይለናል፤ ራሳችንን ስናገኝ ግን መጽሐፉ ደካማ ነው እንላለን።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ ኅዳር ላይ፣ ኬዛያ ሞተች። ሄስተር ከቀብር በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባች። ሚስተር ሊዲያርድ የዚያን ቀን ወረቀት አልሰጧትም፤ ራሳቸው ሻይ አፍልተው ጠብታ ውስኪ ጨመሩበትና «እስቲ ስለ እናትዎ ይንገሩኝ» አሏት። ሰው ሲናገር አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ነው የሚሰሙት። ሄስተር በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ጆሮ የሰጣት ሰው አልነበረም። ትራሱን ነገረቻቸው፣ ላባውን ነገረቻቸው፣ ደረጃውን ነገረቻቸው፤ ከቀልዱም አንዲት ቃል አልቀረችም። ወደ ቤቷ ስትወርድ ሸክም ከላይዋ እንደወረደላት ሰው ቀለል አላት። መሐላው የከነከናት በማግስቱ ነው፤ ያኔ ደግሞ ከአፍ የወጣውን መመለሻ የለም።

ታሪኩ በሆነበት ዓመት፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ሄስተር «የክረምት ልብስ» የተባለውን አዲሱን ተውኔታቸውን በጽሕፈት መኪና መገልበጥ ጀመረች። ሚስተር ሊዲያርድ ከዚህ በፊት የነበሩት ሁለት ተውኔቶቻቸው ለንደን ላይ ወድቀውባቸዋል፤ ይህኛውን እዚሁ በሶልትቢ ቴአትር ለማሳየት ከሥራ አስኪያጁ ከሚስተር ጃገር ጋር ተስማምተዋል። ታሪኩ የአንድ ዳኛ ቤተሰብ ነው፤ ባሕርም ዓሣም የለበትም። ሄስተር ሁለቱን ገቢር በሰላም ጨረሰች። ሦስተኛው ላይ፣ ገጽ ስልሳ አንድ ስትደርስ፣ የዳኛው ሚስት ከሽርጧ ሥር ትራስ አስራ በጳጳሱ ፊት ከካቴድራሉ ደረጃ እንዴት እንደተንከባለለች ለባሏ ትተርካለች። ተነስታ፣ ስቃ፣ «አትደንግጡ፣ ማዕበል ለምዷል» ብላ ነበር።

የጽሕፈት መኪናው በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መስመር መሃል ላይ ቆመ።

«አልነበብ አለ እንዴ፣ ሚስ ብሌንኪን?» አሉ ሚስተር ሊዲያርድ ከወዲያኛው ክፍል።

«ተነቧል» አለች ሄስተር። ጣቶቿን መልሳ ቁልፎቹ ላይ አኖረቻቸውና እስከ ገጹ መጨረሻ ጻፈች።

ያን ምሽት እራቷን ሳትነካ ተቀመጠች። ፊቢ ከጎኗ የሠርጓን አንሶላ ትጠቅማለች፤ ዶርካስ የዓሣ ቢላዋዋን ትስላለች። መጋቢት ላይ ያ መስመር መድረክ ላይ በተነገረ ቅጽበት፣ አዳራሹ ውስጥ ነገሩ የማይገባው የሶልትቢ ሰው አይኖርም። ፊቢ የማን ልጅ እንደሆነች ከተማው ሁሉ ከእሷ ቀድሞ ሊያውቅ ነው። ሄስተር ሄዳ ልትለምናቸው አሰበችና ተወችው። የነገሩትን ሁሉ ወስዶ የሚጽፍ ሰው፣ ልመናውንም ወስዶ ይጽፈዋል ብላ ፈራች። ከዚያም በላይ አፍራለች፤ መሐላ ያፈረሰችው እሷ ናት።

ከዚያ የሥራዋ ነገር ትዝ አላት። አዲስ ተውኔት ከመታየቱ ቢያንስ ሰባት ቀን አስቀድሞ ለንደን ላሉት የቤተ መንግሥት መርማሪዎች መላክ አለበት፤ እነሱ አንብበው ካሳለፉት ቃል ሌላ መድረክ ላይ አንዲት ቃል ቢነገር ቴአትሩ ይቀጣል፣ ሊዘጋም ይችላል። መርማሪዎቹ ትራሱን ነውር ነው ብለው በሰማያዊ እርሳስ ይሰርዙት ይሆናል፤ ዝም ብለው ሊያልፉትም ይችላሉ። ሄስተር በይሆናል የምትኖር ሴት አይደለችም። በማግስቱ ሚስተር ሊዲያርድ ለእግር ጉዞ ሲወጡ፣ ወደ ለንደን ከሚሄደው ቅጂ ገጽ ስልሳ አንድን አወጣች። የትራሱን ንግግር ትታ፣ የላይኛውን ከታችኛው አገናኝታ እንደገና ጻፈችው። የተዋንያኑንና የደራሲውን ቅጂ እንዳለ ተወችው። ፖስታውን ራሷ አሽጋ ራሷ አስገባች።

ሐሳቧ ግልጽ ነበር። ለተውኔቱ መከፈት ከሰባት ቀን በታች እስኪቀር ድረስ ዝም ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ያ ንግግር አልተፈቀደም ብላ ትናገራለች። ያኔ ቢጮኹም ሕጉ ሕግ ነው። ሥራዋን እንደምታጣ ታውቃለች። ይህን አስባበት ወስናለች።

ፈቃዱ ማኅተም ተመቶበት የካቲት ላይ መጣ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እሳት ላይ እንደመጣድ ሆኑባት። ሚስተር ሊዲያርድ እንደዚያ ሰሞን ደግ ሆነው አያውቁም፤ ስለ ጤናዋ ይጠይቃሉ፣ ከአትክልታቸው አበባ ቆርጠው ይሰጧታል፤ አንድ ቀን ደግሞ ለሦስቱ እህትማማች አራተኛው ረድፍ ላይ ቲኬት አስያዙላቸው። ፊቢ ቲኬቱን መስተዋቱ ጥግ ላይ ሰካችው። እዚህ ከተማ ስትኖር የአዲስ ተውኔት የመጀመሪያ ቀን አይታ አታውቅም፤ ምን እንደምትለብስ በየማታው ታማክራለች። ዶርካስ የጸሎት ቤት ሰው ቴአትር ምን ይሠራል እያለች ብታጉረመርምም፣ ቡኒውን ካፖርቷን አውጥታ ቦርሻዋለች። ሄስተር ደግሞ ቀን ትቆጥራለች።

ተውኔቱ የሚከፈተው ሰኞ ነበር። ሄስተር ማክሰኞ ጠዋት፣ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ልምምድ ላይ ሳሉ ቴአትሩ ገባችና ለሚስተር ጃገር ነገሩን በአጭሩ ነገረችው። ሚስተር ጃገር ወፍራምና ለጭንቀት የተፈጠረ ሰው ነው፤ መድረኩ ላይ በነበረው የዳኛው ሶፋ ላይ ዘጭ አለና ሰባት ትውልድ እንዳፈረሰችበት ዓይነት ዓይኑን አፈጠጠባት። ሚስተር ሊዲያርድ ግን ተዋንያኑን ለሻይ አሰናበቱና ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«አሥራ ሁለት ዓመት አንዲት ነጥብ ጥለው አያውቁም» አሏት። «ይህ ስህተት አይደለም።»

«አይደለም።»

«እኔ ላይ ይህን የሚያህል ነገር ያስደረገዎት ምንድን ነው?»

«ከተማው ያውቀዋል» አለች ሄስተር። «መውደቋንም ቀልዱንም ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የማያውቀው ትራሱን ብቻ ነው። ደረጃው ላይ የወደቀ ሁሉ ቀልዱን ይሰማዋል፤ እርስዎ አልሰሙትም፣ ምክንያቱም በመኪና ነው የሚመጡት።»

የሚስተር ሊዲያርድ ፊት አመድ መሰለ። በእውነት አላወቁም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ስንታይ ስንጻፍ፣ ገደል አፋፍ ሆነው ያዩንን ሰውዬ አንድም ቀን ወደቡ ላይ ሲወርዱ አላየናቸውም። ሁሉንም ነገር የሚያውቁት ሄስተርና እሳቸው ብቻ መስሏቸው ነበር። ሄስተር የፈለገችው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ትራሱ ይኑር፣ ደረጃውንና ያቺን አንዲት ቀልድ ብቻ ይቀይሩላት። ለዚህም ስትል በዕድሜዋ ሙሉ ከአፏ ያልወጣችውን «እባክዎ» የምትል ቃል ሁለት ጊዜ ተናገረች።

እሞክራለሁ አሏት። ነገር ግን ባይሳካልኝ ብለው ያንኑ ቀን ገጹን ለንደን ላኩት። ሄስተር በዚህ አልደነገጠችም፤ ሰባቱ ቀን አልፏል። በወረቀት የኖረ ሰው ስህተት ይህ ነው፤ የተጻፈ ደንብ ለሁሉም እኩል የሚጸና ይመስለዋል። ሚስተር ጃገር በር ድረስ ሸኛትና፣ ለስም የለሽ ደራሲ ሰባት ቀን ሰባት ቀን ነው፣ ለሊዲያርድ ግን በቴሌግራም ይመልሱላቸዋል አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ እንደሚያውቀው ነገር ነው የነገራት። ሄስተር እስከ ቤቷ ድረስ የሄደችበትን መንገድ አታስታውስም።

ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ መልስ አልመጣም። ወደ ነጩ ቤት አልሄደችም፤ ለእህቶቿ ጉንፋን ይዞኛል አለች። ለዶርካስ ልትነግራት ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ ስንት ጊዜ ዘጋችው። ምናልባት አይፈቅዱ ይሆናል፣ ምናልባት ይቀይሩት ይሆናል። በይሆናል የማትኖረው ሴት አምስት ቀን ሙሉ በይሆናል ኖረች።

ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሚስተር ሊዲያርድ ነበሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግራቸው ነው የመጡት። ጫማቸው ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፏል። ቴሌግራሙ ከካፖርታቸው ኪስ ጫፉ ይታያል።

«ፈቅደዋል» አሉ።

«ቀየሩትስ?»

«አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ፣ ሚስ ብሌንኪን። ትናንት ቀኑን ሙሉ። የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ውሸት ሸተተኝ። እናትዎ የተናገሯትን የምታህል አንዲት ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ አልጻፍኩም።»

«ውሸት መጻፍ አይደል እንዴ ሥራዎ?»

ሚስተር ሊዲያርድ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። ሌላ ሰው ልከው መደበቅ ሲችሉ ራሳቸው መምጣታቸው ገብቷታል፤ ግን ምንም አልፈየደላትም። ያለ ሦስተኛው ገቢር ተውኔቱ ይወድቃል፣ እኔም እስከ ወዲያኛው እወድቃለሁ አሏት። እውነታቸውን ነው፤ ይህንንም ታውቃለች፤ ስለዚህ የበለጠ አናደዷት።

«ሻይ አልጋብዝዎትም» አለችና በሩን ዘጋችው።

መጋረጃው ሊከፈት አምስት ሰዓት ተኩል ቀርቶታል። ሄስተር ባርኔጣ እንኳ ሳታደርግ ወደ ዓሣ ገበያው ወረደች፤ በአርባ ሁለት ዓመቷ ባዶ ጭንቅላቷን መንገድ ላይ ታይታ አታውቅም። ዶርካስ መደቧ ላይ ዓሣ ትዘነጥላለች። ሄስተር ቆማ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከኅዳሩ ሻይ ጀምራ እስከ ቴሌግራሙ ነገረቻት። ቢላዋው አንድ ጊዜ ብቻ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ። ዶርካስ ያን ዓሣ ጨርሳ፣ ሌላ አንስታ፣ እሱንም ጨርሳ ነው ቀና ያለችው።

«ለእኔ እኮ አንድም ቀን አንስተሽው አታውቂም» አለቻት። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። አብረን እየበላን፣ አብረን እየተኛን። ለእሱ ግን በአንድ ሲኒ ሻይ ዘረገፍሽለት።»

ሄስተር አንገቷን ደፋች። አዎ ነበር መልሱ፤ አዎ ብላም መለሰች።

«አሁን እኔ ነኝ የምነግራት» አለች ዶርካስ ሽርጧን እየፈታች። «አንቺ አፍሽን ያዥ። እንዴት እንደሚያዝ ካስታወስሽ።»

ትምህርት ቤቱ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ነው። ሕፃናቱ ወጥተዋል። ዶርካስ እጇን በግቢው ቧንቧ ሦስት ጊዜ ታጥባ ገባች፤ ሄስተር ግድግዳውን ተደግፋ ውጭ ቀረች። ነፋሱ ከባሕሩ ይመጣል፣ ፀጉሯን ያንገላታዋል። በመስኮቱ በኩል የፊቢ ጀርባ ይታያታል፤ ጥቁር ሰሌዳ እያጠፋች ነበር። የምታጠፋበት እጅ እየዘገየ፣ እየዘገየ መጥቶ ቆመ። ከዚያ ዶርካስ ጋረደቻትና ሌላ ምንም አልታየም። ድምፅም አልተሰማም። ጩኸት ቢኖር ይሻላት ነበር።

ብዙ ቆይቶ ፊቢ ብቻዋን ወጣች። ሄስተርን አየቻት፤ እንዳየቻት ሄስተር አውቃለች። ሳትቆም በአጠገቧ አልፋ ወደ ወደቡ ወረደች። ዶርካስ በሩ ላይ መጣች፤ ፊቷ ደረቅ ነው። ምን አለች ብላ ሄስተር ስትጠይቃት፣ ብቻዬን ተዉኝ ብቻ ነው ያለችው አለቻት። የት እንደሄደች ሁለቱም አያውቁም። ዶርካስ እንግዲያው እኔ ቴአትሩ እሄዳለሁ አለች፤ የሚያዩ ከሆነ ባዶ ወንበር አያዩም።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሁለቱ በአራተኛው ረድፍ፣ በመካከላቸው አንድ ባዶ ወንበር ትተው ተቀመጡ። ከፊታቸው ሁለት ረድፍ አልፎ የሚሲስ ታክሬይ ላባ ያለው ባርኔጣ ይታያል፤ ዊልፍ ከጎኗ ሆኖ ደጋግሞ ወደ ባዶው ወንበር ይዞራል። ሚስተር ሊዲያርድ ከጎን ባለው ሰገነት ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። መብራቱ ሊጠፋ ሲል ፊቢ መጣች። ለመልበስ ሁለት ሳምንት የተማከረችበትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። የሰዎችን ጉልበት እያለፈች መጥታ በመካከላቸው ተቀመጠች፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላየችም።

የመጀመሪያው ገቢር አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ፤ ሰው ወዶታል፣ ያጨበጭባል። ሄስተር ተውኔቱን በቃሏ ስለምታውቀው እያንዳንዷ መስመር ወደ ገጽ ስልሳ አንድ ስትቀርብ ይሰማታል። ስልሳ። የስልሳ መጨረሻ። እጆቿን ቆልፋ ይዛለች። ተዋናይቷ ከሽርጧ ሥር ትራሱን አወጣች፣ ለባሏ አሳየችው፣ እንዴት እንደወደቀች መተረክ ጀመረች። ጳጳሱ ዓይኑ ፈጠጠ አለች። እኔ ተነሳሁ፣ ሳቅሁ፣ አትደንግጡ፣ ማዕበል ለምዷል አልኳቸው አለች።

ሶልትቢ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ ሳቀ፤ የራሱን ቀልድ አግኝቷል። ከዚያ ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ ጠፋ። ትራሱ የተዋናይቷ እጅ ላይ እንዳለ ነው። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፣ ከዚያ አንገቱ መዞር ጀመረ፤ አንዱ፣ ሌላው፣ አንድ ረድፍ ሙሉ። ሚሲስ ታክሬይ ወንበሯ ላይ ሙሉ በሙሉ ዞረች። ተዋናይቷ መድረኩ ላይ ቃሏን ይዛ ቀረች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሄስተር ሞትን ተመኘች፤ ይህን ስል ማጋነኔ አይደለም፣ ራሷ ናት የነገረችኝ።

ያን ጊዜ ፊቢ ሳቀች። ከት ከት ብላ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ። ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ ያን የኬዛያን ሳቅ ያውቀዋል፤ በጥር ጠዋት፣ ደረጃው ሥር የሰማው ነው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አብሯት ሳቀ፣ ቀጥሎ ሌላው፤ ተዋናይቷም ትንፋሿን ስባ ቀጠለች።

መጋረጃው ሲዘጋና መብራቱ ሲበራ ማንም ከወንበሩ አልተነሳም፤ ሰው ሁሉ አራተኛውን ረድፍ ያያል። ፊቢ ተነሳች። ቡኒውን ካፖርት ከወንበሩ ጀርባ አነሳችና በሁለት እጇ ዘርግታ ያዘችው። ድምፅዋ ሕፃናት የምትጠራበት ድምፅ ነበር፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ የሚደርስ።

«ልበሺ፣ እማዬ» አለች ለዶርካስ። «ውጭ ይበርዳል።»

ዶርካስ እጅጌውን አጥታ ሁለት ጊዜ ሳተችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ጊዜ ያላለቀሰች ሴት አለቀሰች። ሚሲስ ታክሬይ የልጇን ክንድ ስትጎትት፣ ዊልፍ ክንዱን አስለቀቀና ቆሞ ቀረ። ሠርጉ በግንቦት ሆነ፤ ሚሲስ ታክሬይ አልመጣችም፣ አልጎደለችብንምም። ሄስተር ወደ ነጩ ቤት ተመልሳ አልገባችም። ከዓመት በኋላ ሚስተር ሊዲያርድ አዲስ ልብ ወለድ በእጅ ጽሑፍ ላኩላት፣ የሚያነብላቸው ሰው አጥተው፤ ፖስታውን ሳትከፍት መለሰችው። ወደቡ ቢሮ ግን ተመልሳ እስከ ጡረታዋ ሠራች፤ እስከ መጨረሻውም ላጲስ አልያዘችም።

ያን ማታ ግን ሦስቱ ከቴአትሩ በር ሲወጡ ፊቢ ለሄስተር ገና አንዲት ቃል አልተናገረቻትም ነበር። ሄስተር ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ትከተላቸዋለች፤ አጠገባቸው መሄድ የሚገባት አልመሰላትም። መታጠፊያው ላይ ፊቢ ቆማ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ ትራሱን የሰፋሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አደረጋችሁት?»

ሄስተር በብሌንኪኖች ቤት ምንም ነገር እንደማይጣል ልትነግራት ፈለገችና ተወችው።

«ዛሬ ጠዋት ራስሽን ያነሳሽበት ነው» አለቻት። «ከተወለድሽ ጀምሮ የተኛሽው እሱ ላይ ነው።»